የአቤሜሌክ ገመድ፦ ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ልብ ወለድ ሲነድፉ

ከመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተነሥተው ልብ ወለድ መጻፍ የሚፈልጉ ሰዎች ታሪክ አያጡም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተውታል፤ ይወዱታልም። ረቂቃቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይበላሻል። አንዳንዱ አንባቢ በልቡ የሚያውቀውን ታሪክ በቅጽል አስጊጦ መልሶ ይነግረዋል። ሌላው የሰዎቹን ስም ብቻ ይዞ የቀረውን ሁሉ እንዳሻው ይፈጥራል፤ መጽሐፉን የሚያውቅ አንባቢም ጥቂት ገጽ ሳይገፋ ያስቀምጠዋል። የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ነው፤ ጸሐፊው የተጻፈው የት ላይ እንደሚያበቃ ሳይለይ መጻፍ ጀምሯል። መጽሐፉ የተናገረውን ቃል በቃል ያወቀ ሰው ዝም ያለበትንም ቦታ ያውቃል። ልብ ወለድ የሚገባው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ይህ መመሪያ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ ትዕይንት ንድፍ ድረስ ያለውን ሥራ በየደረጃው ያሳያል። ምሳሌያችን ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። የሚያስፈልግዎት ወፍራም ደብተር፣ ቢያንስ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉሞች፣ ባለ ሦስት ቀለም ወረቀት ወይም ካርድ እና ትዕግሥት ነው። ጥናቱ ሳያልቅ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንዳይጽፉ አደራ እላለሁ። ያማረ ምዕራፍ ከጻፉ በኋላ ጥናቱ ቢያፈርስብዎት፣ ምዕራፉን ለማዳን ሲሉ እውነቱን ማጠፍ ይጀምራሉ።

1ኛ ደረጃ፦ ትንሽ ታሪክ ይምረጡ

ጀማሪ ጸሐፊ ሙሴን ወይም ዳዊትን ከልደት እስከ ሞት ለመጻፍ ይነሣል። ይህ ከባድ ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ሕይወት በምዕራፍ ላይ ምዕራፍ ስለተጻፈ ለፈጠራ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው፤ የአንባቢውም ግምት አስቀድሞ ተሠርቷል። ጥቂት ቁጥሮች ብቻ የተሰጡትን፣ ግን አንድ ቆራጥ ሥራ የሠራን ሰው ይፈልጉ።

አቤሜሌክ በትንቢተ ኤርምያስ ያለው ድርሻ አሥራ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ በምዕራፍ 38 ከቁጥር 7 እስከ 13፣ በምዕራፍ 39 ከቁጥር 15 እስከ 18። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ በንጉሥ ፊት ቆሟል፣ የሰው ነፍስ አድኗል፣ የተስፋ ቃልም ተቀብሏል። ከኩሽ ምድር ተነሥቶ ኢየሩሳሌም እንዴት እንደደረሰ ግን አልተነገረንም። መኳንንቱ ሁሉ በአንድ ወገን በቆሙበት ሰዓት አንድ ባዕድ ሰው ያን ድፍረት ከየት እንዳገኘ አልተነገረንም። ከተማዪቱ ከወደቀች በኋላም ምን እንደሠራ ትንቢተ ኤርምያስ አይናገርም። እንዲህ ያሉ ሦስት ያልተመለሱ ጥያቄዎች ያሉት ታሪክ ለአንድ መጽሐፍ ይበቃል።

2ኛ ደረጃ፦ በእጅዎ ይገልብጡት፣ በሦስት ዓምድ ይክፈሉት

የመረጡትን ክፍል በራስዎ እጅ ደብተር ላይ ይገልብጡ። ዓይን የሚዘለውን እጅ አይዘልም። ቀጥሎ ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ፦ «የተነገረ»፣ «ከተነገረው የሚከተል»፣ «ያልተነገረ»።

በመጀመሪያው ዓምድ ለምሳሌ ንጉሡ ሴዴቅያስ በዚያ ሰዓት በብንያም በር ተቀምጦ እንደነበር ይጽፋሉ። በሁለተኛው፣ በር ማለት ሕዝብ የሚተላለፍበት፣ ሙግት የሚሰማበት ቦታ ስለሆነ አቤሜሌክ ልመናውን ያቀረበው በጓዳ ሳይሆን ሰው ሊሰማው በሚችል ስፍራ ነው ብለው ይጽፋሉ። በሦስተኛው፣ በንጉሡ ዙሪያ እነማን ቆመው ነበር? ኤርምያስን ከጣሉት መኳንንት አንዱ ይሰማ ነበርን? ብለው ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ዓምድ ሲሞላ ልብ ወለድዎ መታየት ይጀምራል።

ይህን ሥራ ከአንድ ክፍል ወደ ጎረቤቶቹ ምዕራፎች ያስፉት፤ አቤሜሌክን ለመጻፍ ከምዕራፍ 34 እስከ 39 እና ምዕራፍ 52ን ማንበብ ግድ ነው። ምዕራፍ 37 ላይ ንጉሡ ለኤርምያስ ከእንጀራ ጋጋሪዎች አደባባይ በየቀኑ አንድ አንድ እንጀራ እንዲሰጠው ማዘዙን ያገኛሉ። ያን እንጀራ በእጁ የሚያደርስ አንድ ሰው መኖሩ ግድ ነው፤ ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም። ይህን በሦስተኛው ዓምድ ውስጥ በደማቁ ይጻፉት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ትርጉሞችን ማነጻጸር አይዝለሉ። የ1954 ዓ.ም. ትርጉምና አዲሱ መደበኛ ትርጉም በቀላሉ ይገኛሉ። የሚቻልዎት ከሆነ የሰብዓ ሊቃናትን ትርጉም ይዘት ግሪክ ከሚያውቅ ሰው ይጠይቁ። እዚያ የምዕራፎቹ አቀማመጥ ስለሚለይ ምዕራፍ 38 የሚገኘው በ45 ነው። ልዩነቱም የቁጥር ብቻ አይደለም። በዕብራይስጡ አቤሜሌክ ክፉ ሠሩ የሚላቸው ኤርምያስን የጣሉትን ሰዎች ነው። በግሪኩ ግን ወቀሳው ቀጥታ በንጉሡ ላይ ይወድቃል፤ ይህን ሰው ለመግደል ክፉ ያደረግኸው አንተ ነህ ዓይነት ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ትዕይንቶች ናቸው። በአንዱ ብልህ ባለሟል ንጉሡን ከጥፋቱ ለይቶ መውጫ ይሰጠዋል፤ በሌላው አንድ ሰው አንገቱን ለሰይፍ አስጠግቶ ይናገራል። የትኛውን እንደሚከተሉ አሁኑኑ ይወስኑ፤ የገጸ ባሕርይዎን ጠባይ ይወስናልና።

3ኛ ደረጃ፦ ከትውፊቱ ጋር ያለዎትን ውል ይለዩ

አማርኛ አንባቢ አቤሜሌክን የሚያውቀው ከትንቢተ ኤርምያስ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ውስጥ ያለው ተረፈ ባሮክ፣ አቤሜሌክ የከተማዪቱን ጥፋት እንዳያይ በለስ ሊያመጣ እንደተላከ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ለ66 ዓመት እንደተኛና ሲነቃ በለሱ ገና ትኩስ ሆኖ እንዳገኘው ይተርካል። ይህን በስብከት የሰማ አንባቢ ልብ ወለድዎን ሲከፍት በለሱን ይጠብቃል። የፕሮቴስታንት አንባቢ ደግሞ ከየት መጣ ይላል።

ሁለቱም መንገዶች ያማሩ ናቸው፤ የሚወልዱት መጽሐፍ ግን ይለያያል። ትንቢተ ኤርምያስን ብቻ ከተከተሉ መጨረሻዎ የተቃጠለች ከተማና በሕይወት የተረፈ አንድ ሰው ነው። ተረፈ ባሮክን ከተከተሉ፣ ነቅቶ ማንንም የማያውቅ፣ ትናንት የሚለው ቀን ለሌላው ሁሉ የአያት ወሬ የሆነበት ሰው ያገኛሉ። በበኩሌ የመጀመሪያ መጽሐፉን የሚጽፍ ሰው በትንቢተ ኤርምያስ ቢጸና እመርጣለሁ፤ የ66 ዓመቱ እንቅልፍ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይፈልጋልና። የተለመደው ስሕተት ሳይወስኑ መቀላቀል ነው፤ አሥራ አምስት ምዕራፍ በታሪክ ጥናት ላይ ቆሞ የሄደ ትረካ በመጨረሻው ምዕራፍ ድንገት ተኣምር ሲያስገባ አንባቢ የተታለለ ይመስለዋል። ተኣምሩን ከፈለጉ ዓለሙ ተኣምር የሚሆንበት መሆኑን ከመጀመሪያው ገጽ ያሳዩ። አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ የተላከበት የወይን ቦታ በተረፈ ባሮክ የአግሪጳ ተብሎ መጠራቱንም ልብ ይበሉ፤ ይህ ከኤርምያስ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የሚታወቅ የሮማውያን ስም ነው። ስሙን ትቶ ቦታውን መያዝ ይቻላል።

ጥርጣሬ ሲገጥምዎት የአንድምታ መምህር ይጠይቁ። አንድምታ ለአንድ ቃል ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ደርድሮ የሚያስቀምጥ ስለሆነ፣ ለልብ ወለድ ጸሐፊ አንድ ሥራ ስንት ምክንያት ሊኖረው እንደሚችል የሚያሳይ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ዘመኑንና ምድሩን ያጥኑ

ብዙ ረቂቅ የሚሞተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ።

ከአየሩ ይጀምሩ። የኢየሩሳሌም ዝናብ የሚወርደው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሲሆን በጋው ከዳር እስከ ዳር ደረቅ ነው። የእኛ ጸሐፊ ሐምሌ ሲል ጭቃና ጉም ይታየዋል፤ እዚያ ግን ሐምሌ አቧራና ንዳድ ነው። የከተማዪቱ ቅጥር የተሰበረው በሴዴቅያስ 11ኛ ዓመት በአራተኛው ወር በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ይውላል። ኤርምያስ የተጣለበት የመልክያ ጉድጓድ ውኃ የሌለው፣ ጭቃ ብቻ የነበረበት መሆኑም ከዚህ ጋር ይገጥማል። የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምባቸው የኢየሩሳሌም ጉድጓዶች ከኖራ ድንጋይ ተፈልፍለው በልስን የሚለሰኑ፣ አብዛኞቹም አፋቸው ጠባብ ሆዳቸው ሰፊ ነበሩ። በበጋው መጨረሻ፣ በባቢሎን ጦር በተከበበች ከተማ፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀረው ዝቃጭ ነው። ሰው ከዚያ በራሱ አይወጣም፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ከላይ የሚታየው ብርሃን ትንሽ ክብ ነው። አንድ የጥናት ውጤት ወዲያው ትዕይንት ሲሆን ይኸው ነው።

ቀጥሎ ከበባው። በሴዴቅያስ 9ኛ ዓመት በአሥረኛው ወር የጀመረው ከበባ በጽሑፉ ቆጠራ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቷል፤ በመካከሉ የግብፅ ጦር መውጣቱን ሰምተው የባቢሎን ሰዎች ለጊዜው ሄደው ነበር። ይህች የእፎይታ ወቅት ለልብ ወለድ ወርቅ ናት፤ በሮች ተከፍተው ሰው ወደ እርሻው ሲወጣ፣ ኤርምያስ ብቻ ይመለሳሉ እያለ ሲናገር ያስቡት።

ከመሬት የወጡ ነገሮችን ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1935 በለኪሶ በተደረገ ቁፋሮ በሸክላ ስባሪ ላይ በቀለም የተጻፉ የወታደር ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። አንዱ ጸሐፊ የለኪሶን የእሳት ምልክት እንደሚጠባበቁ፣ የዓዜቃ ምልክት ግን እንደማይታያቸው ይናገራል። ኤርምያስ 34 ከተመሸጉት ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ እንደነበሩ ይነግረናል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያነቡ የጦርነቱ ጥላ በገጽዎ ላይ ይወድቃል። በሌላ ደብዳቤ ላይ የአለቆች ቃል የሰዎችን እጅ እያደከመ ነው የሚል አቤቱታ አለ። መኳንንቱ ኤርምያስን በንጉሡ ፊት የከሰሱበት አነጋገር ይኸው ነው። በኢየሩሳሌም በዳዊት ከተማ ኤላት ማዛር በመራችው ቁፋሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰሌምያ ልጅ የዮካል፣ በ2008 የጳስኮር ልጅ የጎዶልያስ ስም ያለባቸው ትናንሽ የሸክላ ማኅተሞች ወጥተዋል። በኤርምያስ 38 መጀመሪያ ከተጠሩት አራት መኳንንት የሁለቱ ስም ከነአባታቸው መሆኑ ነው። የጣት ጫፍ በምታህል ጭቃ ላይ ማኅተሙን የሚጫን ባለሥልጣን፣ ደብዳቤውን አሽጎ ወደ ጉድጓዱ የሚሄድ፣ እጅዎ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

የአቤሜሌክን አገር በጥንቃቄ ይያዙት። መጽሐፍ ቅዱሳችን ኢትዮጵያ የሚለው ምድር በዕብራይስጡ ኩሽ ሲሆን ከግብፅ ደቡብ፣ በዓባይ ዳር፣ ዛሬ ሰሜን ሱዳን በሚባለው ያለውን የናፓታን መንግሥት ያካትታል። ፍቅር ቢያስገድደንም የልጅነቱን መንደር በጣና ዳር መሥራት ጥናቱን አይከተልም። በሌላ በኩል ናፓታ የሚሰጥዎት ብዙ ነው። የኩሽ ነገሥታት ግብፅን ገዝተው ነበር፤ ከእነርሱም ቲርሐቅ በነገሥት መጽሐፍ ተጠርቷል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ593 ገደማ የግብፁ ፈርዖን ዳግማዊ ፕሳሜቲክ ኩሽን ወግቷል። ኤርምያስ 46 ደግሞ የኩሽ ሰዎችን ጋሻ አንጋቢ አድርጎ ከግብፅ ጦር ጋር ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ የእርስዎ አቤሜሌክ ምርኮኛ፣ ወታደር ወይም ከግብፅ መልእክተኛ ጋር የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። አንዱን ይምረጡና ከእርሱ ጋር ይሂዱ።

በመጨረሻ የሌለውን ነገር ዝርዝር ይጻፉ። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲም ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ስለሆኑ በኤርምያስ ዘመን የሉም። ቡና የለም። ወረቀት የለም፤ የኤርምያስ ጸሐፊ ባሮክ የጻፈው በጥቅልል ላይ ነው። ብር ይመዘናል እንጂ እንደ ሳንቲም አይቆጠርም፤ ኤርምያስ የዓናቶትን እርሻ ሲገዛ 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ሰጥቷል። ደቂቃ የለም። ገብስ፣ ስንዴ፣ በለስ፣ ወይን፣ ምስርና የወይራ ዘይት ግን አሉ። እንጀራ የሚለውን ቃል መጽሐፍ ቅዱሳችን ስለለመደ ይጠቀሙበት፤ ጤፍና ምጣድ ግን አያስገቡ።

5ኛ ደረጃ፦ ለእያንዳንዱ ሰው ምክንያት ይስጡት

ለዋናዎቹ ሰዎች አንዳንድ ገጽ ይመድቡ፤ ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል? ትክክል ነኝ የሚለው በምን ተነሥቶ ነው? ሦስተኛው ጥያቄ ለክፉዎቹ የግድ ነው። መኳንንቱን ጨካኝ ብቻ አድርጎ መሳል ታሪኩን ያቀለዋል። በተከበበች ከተማ ውስጥ አንድ ሰው እጁን የሰጠ በሕይወት ይኖራል እያለ ለወታደሩ ቢናገር፣ ቅጥሩን የሚጠብቅ አለቃ ከዳተኛ ቢለው አይገርምም። አንባቢ በመጀመሪያ ለመኳንንቱ ትንሽ ይፍረድላቸው፤ ያኔ ጉድጓዱ ይበልጥ ያስደነግጠዋል።

ሴዴቅያስ በ21 ዓመቱ ነግሦ 11 ዓመት የገዛ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጊዜ ገና የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ገደማ ነው። ብዙ ረቂቅ ላይ ሽማግሌ ሆኖ ይታያል። ነቢዩን በስውር ያስጠራል፣ የተነጋገሩትን እንዳያወጣ ይለምነዋል፣ ለመኳንንቱ በእጃችሁ ነው ይላቸዋል። ወጣት፣ የተከበበ፣ ማንንም እምቢ ማለት የማይችል ንጉሥ ነው።

አቤሜሌክን ደፋር ብቻ አድርገው አይሳሉት። በምዕራፍ 39 የተሰጠው ተስፋ በሚፈራቸው ሰዎች እጅ እንደማይወድቅ ይናገራል። ስለዚህ የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩ፤ ጽሑፉ ይህን የሚገልጠው ሥራውን ከሠራ በኋላ ነው። ፈርቶ የሠራ ሰው መሆኑ ከማንኛውም ጀግንነት ይልቅ ለአንባቢ ይቀርባል።

6ኛ ደረጃ፦ ተራኪውን ይምረጡ

ሦስት መንገድ ይታየኛል። አቤሜሌክን በቅርብ የሚከተል ተራኪ ቀጥተኛውና አስተማማኙ ነው። ንጉሡ ይዘህ ሂድ ካላቸው ሠላሳ ሰዎች አንዱ ቢተርክ ደግሞ ሥራውን ሳይረዳ ገመድ የጎተተ የወጣት ዓይን ያገኛሉ። ኤርምያስ ራሱ ቢተርክ ግን እጅግ ከባድ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ድምፁ በጣም የጎላ ነውና የእርስዎ ቃል ከጎኑ ይደክማል። ከሁሉም በላይ አንድ ወሰን ያኑሩ፦ እግዚአብሔር በመጽሐፉ ያልተናገረውን አዲስ ትንቢት በአፉ አያስቀምጡ። ሰዎች ይጸልዩ፣ ይጠራጠሩ፣ ዝም ያለ ሰማይ ይመልከቱ፤ ይህ ሁሉ የእርስዎ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ትዕይንቶቹን በካርድ ይደርድሩ

አሁን ካርዶቹን ያውጡ። ለአንድ ትዕይንት አንድ ካርድ፤ በጽሑፉ ያለው በነጭ፣ ከጽሑፉ የሚከተለው በቢጫ፣ የእርስዎ ፈጠራ በሰማያዊ። በየካርዱ ላይ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ከትዕይንቱ በኋላ የሚለወጠውን ነገር በአንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የሚለወጥ ነገር ያጡበትን ካርድ ያውጡት።

የመጽሐፉ ቅደም ተከተል ሁልጊዜ የጊዜ ቅደም ተከተል አለመሆኑን ይወቁ። ለአቤሜሌክ የተሰጠው ተስፋ የተጻፈው የከተማዪቱ መውደቅ ከተተረከ በኋላ ነው፤ የተነገረው ግን ኤርምያስ ገና በግዞት ቤት አደባባይ ሳለ ነው። ስለዚህ ካርዱ ከቅጥሩ መሰበር በፊት ይገባል።

የእኔ ድርድር እንዲህ ይጀምራል። የባቢሎን ጦር ሲሄድ ከተማው ይደሰታል፤ አቤሜሌክ የግብፅን ጦር ስለሚያውቅ አይደሰትም፤ ሰማያዊ። ጦሩ ይመለሳል፤ ነጭ። ቅድም ያቆየነው እንጀራ እዚህ ይገባል፦ በየቀኑ ለኤርምያስ የሚያደርሰው አቤሜሌክ ነው፤ ሰማያዊ። እንጀራው እያነሰ ይሄዳል። አንድ ቀን ይዞ ሲመጣ በአደባባዩ ውስጥ ሰውየው የለም። በጉድጓድ መጣሉን የሚሰማው እንጀራውን በእጁ እንደያዘ ነው። አንድ ሰማያዊ ካርድ ከነጩ ጋር ሳይጋጭ፣ እንዲያውም አቤሜሌክ በንጉሡ ፊት በከተማ እንጀራ አልቋል ማለቱን ከውስጥ እያበራው ሲገባ፣ ፈጠራው ትክክለኛ ቦታውን አግኝቷል።

ከዚያ የብንያም በር፣ የንጉሡ ፈቃድ፣ ሠላሳው ሰዎች። ከዚህ በኋላ ያለውን ካርድ ብዙ ጸሐፊ በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል፤ እርስዎ ግን የመጽሐፉ ረጅም ትዕይንት ያድርጉት። አቤሜሌክ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ አልሮጠም። ወደ ንጉሡ ቤት ሄዶ ከግምጃ ቤቱ በታች አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ሰበሰበ፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠው ከገመዱ በታች እንዲያደርገው ለኤርምያስ አወረደለት። እያንዳንዷ ደቂቃ አደጋ ነበረች፤ ንጉሡ ሐሳቡን ሊለውጥ፣ መኳንንቱ ሊደርሱ ይችላሉ። እንዲህ እያለ ስለ አንድ የደከመ ሰው ብብት ያሰበ ሰው ማን ነው? በጨለማው ግምጃ ቤት ውስጥ የሚዳስሰው ጨርቅ የማን ልብስ ነበር? ከዚህ በፊት ገመድ የራሱን አካል ቆርጦት ያውቅ ይሆን? የኩሽ ልጅነቱ፣ ምርኮው፣ የናፓታ መንገድ ሁሉ የሚነገርበት ቦታ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ሳይሆን።

ከመውጣቱ በኋላ የፍርሃቱ ቀናት፣ ተስፋው፣ ቅጥሩ የተሰበረበት ቀን፣ ንጉሡ በሌሊት በአትክልቱ መንገድ ሲሸሽ፤ ሁሉም ነጭና ቢጫ ናቸው። የመጨረሻው ካርድ ሰማያዊ ነው፤ በ3ኛ ደረጃ የወሰኑት ውሳኔ ይሞላዋል።

ድርድሩ ሲያልቅ ሰማያዊዎቹን ብቻ ያንሡና ቀሪውን ያንብቡ። የቀረው የመጽሐፍ ቅዱሱን ታሪክ ሳያዛባ ካቆመ ፈጠራዎ አልጣሰውም። ከዚያ ነጮቹን አንሥተው ሰማያዊዎቹን ብቻ ያንብቡ፤ በራሳቸው የሚሄድ ሌላ ታሪክ ከሆኑ ከመጽሐፉ ተነጥለዋል፤ ይቀንሱ።

8ኛ ደረጃ፦ የአነጋገሩን ሕግ አስቀድመው ያውጡ

የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ንጉሥንም ነቢይንም «አንተ» ይላል። በልብ ወለድ ውስጥ ግን አገልጋይ ንጉሡን በባዶ «አንተ» ሲጠራ ለዘመናችን ጆሮ ይጎረብጣል። «ጌታዬ ንጉሥ ሆይ» ብሎ ጀምሮ በ«አንተ» መቀጠል የመጽሐፉን ቃና ያስጠብቃል፤ «እርስዎ» ደግሞ ለዛሬ ያቀርባል። ሁለቱም ይሆናል፤ ከምዕራፍ ምዕራፍ መለዋወጥ ግን አይሆንም። «ጃንሆይ»ን፣ «ደጃዝማች»ን፣ «እልፍኝ አስከልካይ»ን ይተዉ፤ አንባቢውን ከኢየሩሳሌም አንሥተው ጎንደር ያስቀምጡታል። ግእዝ የበዛበት አረፍተ ነገር ጥንታዊነትን አያመጣም። አጭርና ግልጽ አማርኛ ይበቃል።

9ኛ ደረጃ፦ ንድፉን ለሁለት ሰዎች ያሳዩ

አንዱ መጽሐፉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ይሁን፤ መምህር፣ ሰባኪ ወይም የነገረ መለኮት ተማሪ። እርሱን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ከተጻፈው ጋር የሚጋጨው የቱ ካርድ ነው? ወደድክልኝ ወይ ብለው አይጠይቁት። ሌላው አቤሜሌክን ከቶ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይሁን። ለእርሱ ታሪኩን በቃል ይንገሩትና የት ላይ «ከዚያስ?» እንዳለ፣ የት ላይ ዓይኑ እንደተቅበዘበዘ ምልክት ያድርጉ።

ሁለቱ በሚሉት መሠረት ካርዶቹን ያስተካክሉ። ከዚያ ከመጀመሪያው ካርድ ሳይሆን ይበልጥ ከሚታይዎት ካርድ ረቂቁን ይጀምሩ፤ ለአቤሜሌክ ይህ የግምጃ ቤቱ ካርድ ይመስለኛል። እርሱ ተጽፎ ሲያልቅ የሌሎቹ ርዝመትና ፍጥነት በእርሱ ይለካል።